አንዱ ብስል፣ አንዱ ጥሬ

የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የምንጠቅሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጅን ዝም ለማሰኘት ነው። ጥሬውን እያሳየን ብስሉንም አብረን እንጥለዋለን። እኔም ብዙ ዘመን እንደዚያው ሳደርግ ኖሬ፣ በ2017 ዓ.ም. ሁለተኛ መንፈቅ ላይ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጄ ባመጣችው አንድ ጉዳይ ምክንያት ቆም ብዬ ለማሰብ ተገደድሁ። ጉዳዩ የእኔ ብቻ ሳይሆን የብዙ እናቶች ጉዳይ መስሎ ስለታየኝ ለዚህ ዓምድ አንባብያን ላካፍል ወደድሁ።

ልጄ የምትማረው በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። እዚያም የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ናት። ልጆቻቸው ገና ትንንሽ ለሆኑ እናቶች ለማስረዳት ያህል፣ ሚኒ ሚዲያ ማለት ተማሪዎች ራሳቸው ጽሑፍ አዘጋጅተው በሰልፍና በዕረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ የሚያሰሙበት ክበብ ነው። ግጥም ይነበብበታል፤ የጤና ምክር ይሰጥበታል፤ ጥያቄና መልስ ይቀርብበታል። ድምፁ በትምህርት ቤቱ አጥር ብቻ አይወሰንም፤ ጎረቤቱም፣ ባለሱቁም፣ የታክሲ ተራው ወጣትም ይሰማዋል።

አንድ ረቡዕ ማታ ከሥራ ስገባ ልጄን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የትምህርት ቤት ልብሷን አልቀየረችም፤ ራትም አላሞቀችም። «ምነው?» ብላት «ምንም» አለችኝ። ልጅ «ምንም» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ እናት ታውቃለች። ጥቂት ቆይታ ከደብተሯ መካከል አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። ወረቀቱ ከጥግ እስከ ጥግ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ከግርጌው «አይቀርብም» የሚል ተጽፎበታል።

ጽሑፉ ስለ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ነው። ከመጸዳጃ ክፍሎቹ አብዛኞቹ መቀርቀሪያ የላቸውም፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ በሩን ይዛ መቆም አለባት። ቧንቧው አብዛኛውን ቀን ደረቅ ነው። ያገለገለ ሞዴስ የሚጣልበት ቅርጫት የለም። ስለዚህ የወር አበባ የመጣባት ልጅ ከረፋዱ ዕረፍት በኋላ «አሞኛል» ብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ በስሟ ትይዩም «ቀሪ» ተብሎ ይጻፍባታል። «ጓደኛዬ የሒሳብ ፈተና ያመለጣት ሰነፍ ስለሆነች አይደለም» ይላል አንዱ ዐረፍተ ነገር። መጨረሻው ደግሞ «ይህ ሁሉ የሆነው የጽዳት ሠራተኛዋ ሥራዋን ስለማትሠራ ነው» ይላል።

የክበቡ ኃላፊ የሆኑት መምህር ጽሑፉን አንብበው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከክፍለ ከተማ እንግዶች እንደሚመጡ፣ ይህ ነገር ትምህርት ቤቱን እንደሚያሳፍር ነግረዋታል። በምትኩ «እጅን መታጠብ ስለሚሰጠው ጥቅም» እንድትጽፍ አዘዋታል። «እማዬ፣ በምን ውኃ?» አለችኝ ልጄ።

እዚህ ላይ ጥሩ እናት እንደነበርሁ አድርጌ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ደክሞኛል፤ ራት አልቀረበም፤ ነገም ሥራ አለ። «ታዲያ ምን አስቸኮለሽ? ማን ላይ ልትወጪ ነው? ትምህርትሽን አርፈሽ ተማሪ!» አልኋት። «እሺ እማዬ» ብላ ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችው። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ተከራክራኝ ቢሆን ኖሮ እተኛ ነበር። ያ «እሺ» ግን ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። የሰማሁት የልጄን ድምፅ ሳይሆን የራሴን ነበርና።

በ1980 ዓ.ም. እኔ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። በትምህርት ቤታችን የግድግዳ ጋዜጣ ነበር። ጽሑፍ በእጅ ተገልብጦ፣ በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ ተማሪው በዕረፍት ሰዓት ተጋፍቶ ያነበዋል። በዚያን ጊዜ ስኳሩም ዘይቱም ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ የሚገኝ ስለነበር፣ እናቶቻችን ሥራ ሲሄዱ ወረፋ የምንይዘው እኛ ልጆቹ ነበርን። ወረፋ ይዘን ስናረፍድ በር ላይ ተንበርክከን እንቀጣለን። እኔም «የምናረፍደው እንቅልፍ ወድደን ሳይሆን ወረፋ ይዘን ነው» የሚል ግማሽ ገጽ ጽፌ ሰጠሁ። ጽሑፌ ተለጥፎ ያየሁት ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው። ከቀትር በኋላ በቦታው «ሰዓት ማክበር» የሚል ሌላ ጽሑፍ ተተክቶ ጠበቀኝ። መምህራችን ለብቻዬ ጠርተው «ልጄ፣ ይህ ለአንቺም ለእኔም ይበጀናል» አሉኝ። እንዳልተቆጡኝ፣ እንደውም ፈርተው እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የፕሬስ ነፃነት አዋጅ በ1985 ዓ.ም. ወጥቶ ቅድመ ምርመራን እስኪያስቀር ድረስ ጋዜጣውም መጽሐፉም ከመታተሙ በፊት በመርማሪ እጅ ያልፍ በነበረበት አገር፣ የአንድ ትምህርት ቤት መምህር የግድግዳ ጋዜጣ ቢፈሩ አይፈረድባቸውም።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት «ማን ላይ ልትወጪ ነው?» አለችኝ። ቃል በቃል ይኸው ነው። እናቴ እንዲህ ያለችው ከፍቅር የተነሣ ነበር። በዚያ ዘመን ዝምታ ልጅን ይጠብቅ ነበር። እኔ ግን ፍርሃቱ ያለፈበትን ቃል እንደ ጌጥ ወርሼ ለልጄ አወረስኋት። የዚያ ዕለት ከጻፍሁት በኋላ ለሕዝብ የሚነበብ ነገር ለመጻፍ ዳግመኛ ብዕር ያነሣሁት፣ ሳስበው፣ ገና አሁን ነው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ጉዳዩን በመሥሪያ ቤታችን የሕግ ክፍል ለምትሠራ ባልደረባዬ አጫወትኋት። እርሷም የሰው አገር ልጆች በዚህ ነገር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ እንደተከራከሩ ነገረችኝ። ሁለቱን ታሪኮች ለእናንተም ላጫውታችሁ።

የመጀመሪያው የሆነው በአሜሪካ፣ በአዮዋ ክፍለ ግዛት፣ ዴ ሞይን በተባለች ከተማ ነው። ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 1965 ነበር። ሜሪ ቤዝ ቲንከር የ13 ዓመት ልጅ ናት። በቪየትናም ጦርነት ለሞቱት ኀዘኗን ለመግለጽ፣ ተኩስ እንዲቆም ያላትንም ምኞት ለማሳየት፣ እንደ 15 ዓመት ወንድሟ እንደ ጆንና እንደ 16 ዓመቱ ክሪስቶፈር ኤካርት በክንዷ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስራ ትምህርት ቤት ሄደች። ርዕሳነ መምህራኑ ነገሩን አስቀድመው ሰምተው ስለነበር፣ ጨርቁን አላወልቅም ያለ ተማሪ እንዲታገድ ወስነው ጠበቁ። ልጆቹም ታገዱ። ክርክሩ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲተላለፍ ቆይቶ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 24 ቀን 1969 በ7 ድምፅ ለ2 ለልጆቹ ፈረደ።

የፍርዱ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ተማሪ ሐሳቡን የመግለጽ መብቱን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥሎ አይገባም። ትምህርት ቤቱ ሊከለክለው የሚችለው፣ ድርጊቱ ትምህርቱን በእርግጥ የሚያውክ ወይም የሌሎችን መብት የሚነካ ሲሆን ነው። «ነገሩ ደስ አይልም» ወይም «ምናልባት ወሬ ያስነሣል» ማለት ብቻውን አይበቃም። በሐሳቡ ካልተስማሙት ሁለት ዳኞች አንዱ ሁጎ ብላክ ነበሩ፤ እርሳቸው ይህ ፍርድ ተማሪ መምህሩን እንዳያከብር ያደርጋል ብለው ሰጉ። እኔም እናት ነኝና የእኚህን ዳኛ ስጋት አልናቅሁትም። ሆኖም ያች የ13 ዓመት ልጅ አድጋ የሕፃናት ነርስ መሆኗን ስሰማ ልቤ ትንሽ ረጋ። ለሞቱት ያዘነች ልጅ የታመሙትን ስታስታምም ኖራለች።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ለሴቶች ይበልጥ ይቀርባል። በሚዙሪ ክፍለ ግዛት፣ በሴንት ሉዊስ አውራጃ፣ ሄዝልዉድ ኢስት በተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በጋዜጠኝነት ክፍለ ጊዜያቸው «ስፔክትረም» የተባለ ጋዜጣ ያዘጋጁ ነበር። በሜይ 1983 ባዘጋጁት እትም ላይ ሁለት ጽሑፎች ነበሩ። አንደኛው በዚያው ትምህርት ቤት ስላረገዙ ሦስት ልጃገረዶች ነው፤ ስማቸው ተቀይሯል። ሁለተኛው ወላጆቻቸው ስለተፋቱ ልጆች የሚናገር ነው። ርዕሰ መምህሩ የማተሚያውን ረቂቅ ሲያዩ፣ ስማቸው ቢቀየርም ያረገዙት ልጆች ሊታወቁ ይችላሉ ብለው ሰጉ። በፍቺው ጽሑፍ ላይ ደግሞ አንዲት ተማሪ አባቷን ስትወቅስ፣ አባትየው መልስ እንዲሰጥ አልተጠየቀም። እነዚህ ሁለቱም ስጋቶች ከንቱ አይደሉም። ነገር ግን ርዕሰ መምህሩ ለማረም ጊዜ የለም ብለው ጽሑፎቹ ያሉባቸውን ሁለት ሙሉ ገጾች አስወጡ። በእነዚያ ገጾች ላይ ስለ ወጣቶች ጋብቻና ከቤት ስለሚጠፉ ልጆች የተጻፉ፣ እርሳቸው ራሳቸው ቅሬታ የሌላቸው ጽሑፎችም ነበሩ፤ አብረው ቀሩ።

ሦስት ልጃገረዶች ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 13 ቀን 1988 በ5 ድምፅ ለ3 ለትምህርት ቤቱ ፈረደ። ጋዜጣው የትምህርቱ አካል ስለሆነ፣ ከትምህርት ዓላማ ጋር የተያያዘ ተገቢ ምክንያት እስካለው ድረስ ትምህርት ቤቱ ሊቆጣጠረው ይችላል ተባለ። በፍርዱ ያልተስማሙት ዳኛ ዊልያም ብሬናን ርዕሰ መምህሩ ነገሩን ለይተው ማረም ሲችሉ ሁሉንም ማስወጣታቸውን ነቀፉ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ማሳቹሴትስ በዚያው በ1988፣ ሜሪ ቤዝ የተማረችበት አዮዋም በ1989 የተማሪ ጋዜጦችን የሚጠብቅ ሕግ አወጡ።

ጃንዋሪ 1988 በእኛ አቆጣጠር ጥር 1980 ነው። ያ እኔ 7ኛ ክፍል የነበርሁበት፣ ግማሽ ገጽ ጽሑፌም ከሰሌዳ የተነሣበት ዓመት ነው። በሁለት ዓለም የምንኖር ልጃገረዶች ነበርን፤ እነርሱ ከሰሱ፣ እኔ ዝም አልሁ። የተነሣብን ነገር ግን ተመሳሳይ ነው፤ በገዛ ቤታችንና በገዛ አካላችን የሚደርሰውን መናገር ነው።

«የአሜሪካ ሕግ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ልክ ነው፤ የእነርሱ ፍርድ እኛን አያስገድድም። የራሳችን ግን አለን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው ሐሳቡን የመግለጽ ነጻነት እንዳለው ይደነግጋል፤ ቅድመ ምርመራንም ይከለክላል። ይኸው አንቀጽ የወጣቶችን ደኅንነትና የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይፈቅዳል። የተባበሩት መንግሥታት በ1989 እ.ኤ.አ. ያጸደቀውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ አገራችን በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። የስምምነቱ አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ መጠን ክብደት እንዲሰጠው ያዛል፤ አንቀጽ 13 ሐሳቡን የመግለጽ ነጻነቱን ይሰጠዋል። እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ የሚለውን ልብ በሉ። ብስሉንና ጥሬውን ለዩ ማለት ነው እንጂ ሁሉንም አጽድቁ ወይም ሁሉንም ጣሉ ማለት አይደለም።

ዓርብ ዕለት ከአለቃዬ የሁለት ሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። ርዕሰ መምህሩ በጨዋነት ተቀበሉኝ። «ልከራከር አልመጣሁም፤ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። በልጄ ጽሑፍ ውስጥ ውሸት አለ?» አልኋቸው። ወረቀቱን ደጋግመው አነበቡ። «መጸዳጃ ቤቱስ እውነት ነው» አሉ። «ግን ይረዱኝ። ድምፅ ማጉያው ሰፈር ይሰማል። እንግዶች ይመጣሉ። ደግሞ ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ የመምህሩን አነጋገር እያስመሰለ ቀልድ አቀረበና መምህሩ በልጆች ፊት ተዋርዶ ከዚህ ትምህርት ቤት ለመዛወር አመለከተ። ከዚያ ወዲህ እንጠነቀቃለን።» 

ቀጥለውም ጣታቸውን በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ላይ አሳረፉ። «እኚህ የጽዳት ሠራተኛ ማን እንደሆኑ ሁሉም ሰው ያውቃል። ያሉን እርሳቸው ብቻ ናቸው። ልጅዎ ጠይቃቸዋለች?»

አፈርሁ። ያንን ዐረፍተ ነገር እኔ ሁለት ጊዜ አንብቤው ምንም አልታየኝም ነበር። በሄዝልዉድ ጽሑፍ አባትየው እንዳልተጠየቀው ሁሉ፣ እኚህም ሴት አልተጠየቁም። «እውነትዎን ነው» አልኋቸው። «እንዲህ ከሆነ ግን መሰረዝ የነበረበት አንድ መስመር ነው። ሙሉ ገጹ ለምን ተሰረዘ?» ርዕሰ መምህሩ ዝም ብለው ቆዩና «አስተካክላ ታምጣው፤ እኔ ራሴ አየዋለሁ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ግን ይሁን» አሉ። ይህን የመጨረሻውን ነገር አልወደድሁትም። በሩ በከፊል ሲከፈት መልሶ መዝጋት ደግሞ አልፈለግሁም።

ማታ ለልጄ ስነግራት ስለ እንግዶቹ ተቆጣች። «ይኸው፣ ለታይታ ነው!» አለች። ከዚያም የማላውቀውን ነገር ነገረችኝ። ወረቀቷ በተሰረዘ ዕለት ጓደኞቿ ጽሑፉን ፎቶ አንሥተው፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ስም ጨምረው በቴሌግራም እንልቀቀው ብለዋት ነበር። እርሷ «ቆይ፣ መጀመሪያ ለእማዬ ልንገራት» ብላ አስቆመቻቸው። እኔ ደግሞ «ማን ላይ ልትወጪ ነው?» ብዬ መለስኋት! ከዚያ በኋላ ያን ጽሑፍ በስልክ ብትለቀው ማን ይወቀስ ነበር? በትምህርት ቤት አፍ ያጣ ልጅ አፉን ይዞ ወደ ስልኩ ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ጥሬውን ከብስሉ የሚለይለት መምህር የለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 እ.ኤ.አ. ከትምህርት ቤት ውጭ በስልኳ ያልተገባ ቃል ስለጻፈች አንዲት ተማሪ ሲፈርድ፣ ትምህርት ቤት በግቢው ውስጥ ያለውን ያህል ሥልጣን ከግቢው ውጭ እንደሌለው ተናግሯል። እንዲህ ከሆነ የማረሚያው ጊዜና ቦታ ልጁ ገና ወረቀቱን ይዞ መምህሩና እናቱ ፊት ሲቆም ነው።

ሰኞ ዕለት ልጄ ደብተሯን ይዛ ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ሄደች። «እትዬ፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ልጠይቅዎት ነው» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም መጀመሪያ ፈርተው፣ ኋላ ግን እያነቡ ነገሯት። ውኃው የሚመጣው ሌሊት ነው። የሚያጠራቅመው ሮቶ ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ ለንብረት ክፍል ሁለት ጊዜ አመልክተዋል። ጎሕ ሳይቀድ መጥተው በጄሪካን ቀድተው ሁለት ሕንፃ ለብቻቸው ያጸዳሉ። በረኪና ሲያልቅ ከደመወዛቸው የገዙበትም ጊዜ አለ። «እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም» አሏት።

ልጄ ቤት ስትገባ ፊቷ ተለውጧል። «እማዬ፣ እኮ እትዬን ልሰድባቸው ነበር» አለችኝ። ያን ማታ ሁለታችን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠን ጽሑፉን አስተካከልን፤ ይልቁንም እርሷ አስተካከለች፣ እኔ ሽንኩርት እየከተፍሁ አዳመጥሁ። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ወጣ። በቦታው የተሰነጠቀው ሮቶ ገባ። ስለ ጓደኛዋ የሒሳብ ፈተና የተጻፈውን፣ ጓደኛዋን ጠይቃ፣ እርሷም «ስሜ አይጠራ እንጂ ይቅረብ» ስላለች ተወችው። ጽሑፉ ከበፊቱ አጠረ። ከበፊቱ ግን ከበደ።

በተባለውም መሠረት በተከታዩ ሳምንት ማክሰኞ በረፋዱ ዕረፍት ተነበበ። እንደ ልጄ አነጋገር፣ «የወር አበባ» የሚለው ቃል ሲጠራ ወንዶቹ ሳቁ፤ ስለ ጄሪካኑ ሲነበብ ግን ዝም አሉ። ጣሪያ አልወደቀም፤ ትምህርትም አልታወከም። የክበቡ ኃላፊ መምህር ከጎኗ ቆመው ነበር። ሲያበቃ «ጥሩ ነው» ብቻ አሏት። እኚህን መምህር ላለመውቀስ እሞክራለሁ። እርሳቸውም ከበላያቸው የሚፈሩት ሰው ይኖራል፤ ምናልባትም በ1980 ዓ.ም. የእኔ እኩያ ተማሪ ነበሩ።

ነገሩ ወደ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ መጣ። እኔም ተነሥቼ ተናገርሁ፤ ጉልበቴ ተንቀጥቅጧል። ወላጆች ለመቀርቀሪያው አዋጣን፤ ቅርጫትም ተገዛ። ሮቶው ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ተቀየረ። ውኃው አሁንም እንደ ፈቀደ ነው የሚመጣው፤ ይህን አንድ የልጅ ጽሑፍ አይፈታውም። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እንግዶቹ በመጡበት ቀን ቢነበብ ኖሮ ሮቶው ፈጥኖ ይቀየር ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

እኅቶቼ፣ የልጅ ጽሑፍ ወይም ንግግር ሲያስደነግጠን ከቀዩ እስክሪብቶ በፊት ራሳችንን የምንጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች እንዳሉ ከዚህ ተምሬአለሁ። እውነት ነው? የማንን ክብር ይነካል? የሚነካው ሰው ተጠይቋል? ትምህርቱንስ በእርግጥ ያውካል ወይስ እኛን ብቻ ያሳፍራል? በመጀመሪያዎቹ ሦስት ላይ ጉድለት ካለ ማረም እንጂ መሰረዝ መፍትሔ አይሆንም። አራተኛው እኛን ማሳፈሩ ብቻ ከሆነ፣ ኀፍረቱ የእኛ ነው፤ ለልጁ ማሸከም የለብንም። ማረምና ማፈን አንድ እስክሪብቶ ይጠቀማሉ፤ ልዩነታቸው የታረመ ልጅ ነገ ሌላ ገጽ ይዞ ይመጣል፣ የታፈነ ልጅ ግን «እሺ» ብሎ ይሄዳል።

መምህራንን ብቻ አንውቀስ። ልጄ ጽሑፏን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ነው የተሰረዘችው፤ ሁለተኛዋ ሰራዥ እኔ ነበርሁ። ለዚህም አንድ እሑድ ቡና እያፈላን ይቅርታ ጠየቅኋት። የራሴንም የግድግዳ ጋዜጣ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኋት። «ታዲያ ለምን ደግመሽ አልጻፍሽም?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ይኸው አሁን ጻፍሁ።

ያቺ በቀይ የተሰረዘች ወረቀት ዛሬም በቤታችን አለች፤ ልጄ ከታረመችው ጋር አያይዛ አስቀምጣታለች። እኔም ሳያት ተረቱን አስታውሳለሁ። ጥሬው ፍሬ ጊዜ ሲሰጡት ይበስላል። ብስሉን ግን አንዴ ከጣሉት ይበሰብሳል።